የአየር ትርኢት ፎቶ፦ ስለ ካሜራና ሌንስ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአየር ትርኢት ሊያነሳ ለተዘጋጀ ሰው ቶሎ የሚደርሰው ምክር «ሸተር ስፒዱን ጨምር፣ ትልቅ ሌንስ ያዝ» የሚል ነው። ሸተር ስፒድ ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። ምክሩ ለአንዳንዱ አውሮፕላን ይሠራል፤ የሌላውን ፎቶ ግን ያበላሻል።

«ሸተር ስፒድ በጨመረ ቁጥር ፎቶው ያምራል»

ለጄት እውነት ነው። ከ1/1000 እስከ 1/2000 ሰከንድ ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጣችኋል። ፕሮፔለር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በደቂቃ 2400 ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር በሰከንድ 40 ዙር ይሄዳል። በ1/2000 ሰከንድ ውስጥ የሚዞረው 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ሞተሩ አየር ላይ የጠፋ ይመስላል። በ1/160 ግን ሩብ ዙር ስለሚሄድ እንቅስቃሴው ይታያል። ሄሊኮፕተር ደግሞ ከላይ ያለው ክንፉ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ከዚያም በታች መውረድ ይፈልጋል።

መውረዱ ቀላል አይደለም። ካሜራውን ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል ካላዞራችሁ አውሮፕላኑም አብሮ ይደበዝዛል። ስለዚህ በ1/320 ጀምሩና የሚሆን ፎቶ ያዙ። ከዚያ እጃችሁ ሲለምድ ወደ 1/250፣ ወደ 1/160 ውረዱ። ብዙው ፎቶ ይበላሻል፤ አይክፋችሁ። የሚሳካው አንዱ ይክሳችኋል።

«ሴንሰሩ ላይ ትንሽ አቧራ ቢኖር ችግር የለውም»

ይሄኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሴንሰሩ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው የካሜራው የውስጥ ክፍል ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ ሆናችሁ ሸተሩን ወደ 1/160 ስታወርዱ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 13 አካባቢ ይዘጋል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ያኔ ሰፊ አፐርቸር ላይ የማይታየው አቧራ ሰማያዊው ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ፎቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ከትርኢቱ ቀን በፊት ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ባዶ ሰማይ አንሱና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩን አስጠርጉ። ቀለል ያለ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ፊት ተገጥሞ ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ካላችሁም አፐርቸሩ ያን ያህል እንዳይዘጋ ያግዛል።

«600 ሚሊሜትር ከሌለህ አትድከም»

ብቻዋን ለምትበር ጄት ረጅም ሌንስ ደስ ይላል። ነገር ግን ብዙ አውሮፕላኖች ተሰልፈው ጭስ እየለቀቁ ሲበታተኑ 600 ይዞ የቆመ ሰው የአንዱን ጭራ ብቻ ነው የሚያገኘው። አንድ ሌንስ ብቻ ያዙ ብባል 100-400 እይዛለሁ። ሴንሰሩ ባለ 1.5 ክሮፕ ከሆነ (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ስለሆነ ምስሉን 1.5 ጊዜ ያቀረበ የሚያስመስል) 400ው እንደ 600 ያሳያችኋል። በዚያ ላይ ከሞቀ መሬት የሚነሳው አየር ሩቅ ያለውን አውሮፕላን ሲያርገበግበው ሌንስ ማስረዘም መፍትሔ አይሆንም። እስኪቀርብ መጠበቅ ነው።

«ብርሃኑን ካሜራው ራሱ ያስተካክለዋል»

ካሜራው የሚለካው ሰፊውን ብሩህ ሰማይ ስለሆነ አውሮፕላኑን ያጠቁረዋል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) ወደ +1 ማውጣት ይረዳል። ግን አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከጥቁር ዛፎች ፊት ሲያልፍ ያው +1 ያነጣዋል። ፀሐዩ የማይለዋወጥ ከሆነ ማንዋል (ሁሉን በእጅ የሚሞሉበት ሞድ) ይሻላል፤ ከአውሮፕላኑ ጀርባ ያለው ነገር ቢቀያየርም እሱ ላይ ያረፈው ብርሃን ያው ነውና።

«ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ከራስ በላይ የሚያልፍ አውሮፕላን መከተል አያስችልም። በእጅ ያዙ፤ የሌንሱን ማረጋጊያም ለጎንዮሽ እንቅስቃሴ ወደተሠራው ሞድ አዙሩት።

«ጣትህን ከሸተሩ ላይ አታንሳ»

የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ሲሞላ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ በተለይ ሮው (ያልተጨመቀ ወይም ያልተቀነባበረ ከባድ ፋይል) ስታነሱና ካርዱ ቀርፋፋ ሲሆን። ሁለት ጄቶች ፊት ለፊት መጥተው ሲተላለፉ ገና ከሩቅ ጀምሮ የተኮሰ ሰው መተላለፊያዋ ላይ ካሜራው ይቆምበታል። ቀጣይ ፎከሱን (የሚንቀሳቀሰውን ነገር እየተከተለ የሚያጠራውን) አብርታችሁ አንደኛውን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛው ወደ ፍሬሙ ሊገባ ሲል ያኔ ተጫኑ።