የፒክስል ፎንት

የፒክስል ፎንት ፊደሉ በሙሉ ከጥቃቅን ካሬዎች የሚገነባበት የጽሕፈት ዓይነት ነው። ክብ የሚመስለው እንኳ ቀርበው ሲያዩት እንደ መወጣጫ ደረጃ ነው። ዛሬ የድሮ ጨዋታ መልክ የሚሹ ሠሪዎች ወደው ይመርጡታል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን የሚመርጡት ሌላ ብዙም አልነበረም።

ነገሩ የሜሞሪ እጥረት ነው። ስምንት በስምንት በሆነ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ ፊደል 64 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ አንድ ባይት ስምንት ነጥብ ስለሚይዝ ፊደሉ 8 ባይት ብቻ ይፈጃል። ስክሪኑም የሚሸነሸነው በዚሁ ልክ ነበር፦ በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር በአግድም 320፣ በቁልቁል 200 ነጥብ ስለነበረው 40 ፊደል የሚይዙ 25 መስመሮች ይወጡታል።

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ቅርጽ በ1976 አታሪ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨዋታዎች ላይ ታየ። በኋላ የጃፓኑ ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ናምኮ ፓክማንን (1980) በመሳሰሉ ሥራዎቹ ስለተጠቀመበት ብዙዎች የናምኮ ፊደል ይሉታል። የላቲኑ ትልቁ «ኤ» በዚህ ፎንት ውስጥ ስምንት ቁጥር ነው፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ፦ 56፣ 108፣ 198፣ 198፣ 254፣ 198፣ 198፣ 0። 56 በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ 00111000 ይሆናል፤ 1 የበራ፣ 0 የጠፋ ነጥብ ነው፤ ሦስቱ አንዶች የፊደሉ አናት ናቸው። 254 ሁለቱን እግሮች የሚያያይዘው አግድም መስመር ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 0 ባዶ ረድፍ ሲሆን፣ በቀኝ በኩል ካለው ባዶ ዓምድ ጋር ሆኖ ፊደል ከፊደል እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ቋሚዎቹ መስመሮች ሁለት ነጥብ፣ አግድሞቹ አንድ ነጥብ ይወፍራሉ፤ በድሮው የቲዩብ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ነጥብ ብቻ የሚሰፋ ቋሚ መስመር በቀላሉ ይደበዝዝ ነበርና።

እንዲያውም ያ ቴሌቪዥን የካሬውን ጠርዝ ሁሉ ያለሰልሰው ነበር። አሁን «የድሮ» እየተባለ የሚቀርበውን፣ እንደ ምላጭ የተሳለውን ካሬ የዚያን ጊዜ ተጫዋች አላየውም ማለት ይቻላል።

የግራፊክስ ነዳፊዋ ሱዛን ኬር በ1984 ለወጣው የአፕል ኮምፒውተር ማኪንቶሽ የነደፈችው ቺካጎ የተባለ ፎንት ሌላ መንገድ ይዟል። ስፋቱ እንደ ፊደሉ ይለያያል፤ ቀጭኑ ጠባብ፣ ሰፊው ሰፊ ቦታ ያገኛል። በ2001 በአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ፣ በአይፖድ፣ ትንሽ ስክሪን ላይ ተመልሶ መጣ።

በመሣሪያዎች ላይ ያሉ የቁጥርና የጽሑፍ ማሳያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ አምስት በሰባት ነጥብ ይበቃቸዋል። እዚያ ችግረኞቹ ጅራታም የላቲን ትንንሽ ፊደላት ናቸው፤ ጅራታቸው ከመስመሩ በታች የሚወርድበት ቦታ ስለሌለ አካላቸው ተጨምቆ ወደ ላይ ይነሣል።

የዛሬዎቹ ፎንቶች፣ ለምሳሌ የናምኮን መልክ የተከተለው ፕሬስ ስታርት 2ፒ፣ ካሬዎቹን በመስመር የተከለሉ ቅርጾች አድርገው ይይዛሉ። በመሆኑም ወደፈለጉት መጠን ይሰፋሉ፤ የሚያምሩት ግን በ8 ብዜት፣ ማለትም በ8፣ በ16፣ በ24 ሲሆኑ ነው። በ13 ቢጻፉ አንዱ ካሬ ሁለት ነጥብ፣ ሌላው አንድ ነጥብ ይሰፋል፤ ኮምፒውተሩ ጠርዝ የማለስለስ ልማዱ ካልጠፋለት ደግሞ ፊደሉ ዙሪያውን ግራጫ ይለብሳል።