«2 በመቶ ኒያንደርታል» የሚለው ቁጥር የሚነግረንና የማይነግረን

የዘረመል ምርመራ ያደረጉ ሰዎች በውስጣቸው ምን ያህል የኒያንደርታል፣ ማለትም ዛሬ የጠፋ የሰው ዘመድ፣ ውርስ እንዳለ የሚገልጽ ቁጥር ይደርሳቸዋል። በዚህ ዙሪያ ከሚነገሩት ትናንሾቹ ስህተቶች ልጀምር። ሰው ከኒያንደርታል አልመጣም፤ ሁለቱም ከግማሽ ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት ከኖረ የጋራ ቅድመ አያት የተነሡ ዘመዳሞች ናቸው። የድንቅነሽን ዘረመል ያነበበ ማንም የለም፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ የምናውቃት በአጥንቷና በተገኘችበት አፈር ብቻ ነው። አፍሪካውያን የኒያንደርታል ውርስ ፈጽሞ የላቸውም የሚለው እምነትም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ታርሟል፤ ድርሻው በጣም ትንሽ ቢሆንም አለ።

ያለማቋረጥ የምሰማውና ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ግን ሌላ ነው፦ «እኔ 2 በመቶ ኒያንደርታል ነኝ፤ ስለዚህ 98 በመቶዬ ከእነርሱ የተለየ ነው።» ይህ ስሌት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ፊደል በፊደል ሲነጻጸር የእኛና የኒያንደርታል ዲኤንኤ ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰላል። 2 በመቶ የሚባለው የመመሳሰል ሳይሆን የውርስ መጠን ነው፤ ከአፍሪካ የወጡ ሰዎች የዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ ከኒያንደርታል ጋር ሲዋለዱ የገባውንና እስከ ዛሬ የዘለቀውን ቁራጭ ይመለከታል። ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ጸሐፊዎች የገለበጧቸው ሁለት ቅጂዎች ቃላቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ሆኖም ከአንደኛው ቅጂ የወጡ ጥቂት ቅጠሎች በሁለተኛው ውስጥ ተጠርዘው ቢገኙ፣ ባለሙያ በጸሐፊው ልዩ ስህተቶች ይለያቸዋል። በጥንታዊ ዘረመል ተመራማሪው በስቫንቴ ፓቦ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 የኒያንደርታልን ዘረመል ይፋ ካደረገ ወዲህ የዘርፉ ተመራማሪዎች የሚሠሩት ይህንኑ የመለየት ሥራ ነው።

ቁጥሩን እንደ ጠባይ መግለጫ የሚወስዱትም አሉ። አንድ ሰው የምርመራ ውጤቱን ይዞ መጥቶ ቁጡነቱ ከዚያ የመጣ እንደሆነ በቁም ነገር ጠይቆኛል። ቁጥሩ ይህን ሊመልስ አይችልም፤ እኩል 2 በመቶ ያላቸው ሁለት ሰዎች የተለያዩ ቁራጮችን ሊይዙ ይችላሉና። ከብዙ ሰዎች ተለቅሞ ቢሰበሰብ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሆነው የኒያንደርታል ዘረመል ዛሬም በሕይወት ባሉ ሰዎች ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ውጤታችሁን ስታዩ የመቶኛውን መጠን ከጎረቤት ጋር አታወዳድሩ፤ የትኛው ቁራጭ እንደ ደረሳችሁና ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። በ3ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ የኒያንደርታል ቁራጭ የኮቪድን ሕመም ያባብሳል፤ የቲቤት ሰዎች ዴኒሶቫኖች ከተባሉ ሌሎች የጠፉ የሰው ዘመዶች ያገኙት ኢፓስ1 የተባለው ዘረመል ደግሞ ኦክስጅን በሳሳበት ከፍታ ላይ እንዲኖሩ ያግዛቸዋል።