«በኤድስ ምክንያት ወላጅ አልባ የሆነ ሕፃን» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «በኤድስ ምክንያት ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናት ሁሉ በየከተማው ማሳደጊያ ይሠራላቸው» ሲል ሰማሁ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ከደግ ልብ የመጣ ሐሳብ ነው፤ ግን ቃሉን በደንብ አላየውም።

በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በዩኒሴፍና የኤድስ ፕሮግራሙ በሆነው በዩኤንኤድስ አቆጣጠር ወላጅ አልባ የሚባለው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ እናቱን ወይም አባቱን ወይም ሁለቱንም በሞት ያጣ ልጅ ነው፤ ቢያንስ አንዱን የገደለው ኤድስ ከሆነ «በኤድስ ምክንያት» ይባላል። «ወይም» የምትለዋን ልብ በሉ። እኛ አባቱ ሞቶ እናቱ ጉያ ያለውን ልጅ ወላጅ አልባ አንለውም። መዝገቡ ግን ይለዋል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ለ2015 በማንኛውም ምክንያት ወላጅ ያጡ ብሎ ከገመታቸው 140 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት፣ ሁለቱንም ያጡት 15 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ አያት ወይም አክስት ቤት ነው ያሉት።

እስቲ ጎጆ ቤት አስቡ። ምሰሶው ሲሰበር ቤቱ ይዘማል። ሰው ታዲያ ባላ ያቆምለታል እንጂ ክዳኑን ገፎ ልጆቹን ሌላ አዳራሽ አያስገባም። ለአያትየዋ በየወሩ የሚደርስ ገንዘብ ባላ ነው። ለታመመችው እናት መድኃኒት ደግሞ ምሰሶው ሳይሰበር የሚደርስ ባላ ነው፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት ስትጀምር ስንት ልጅ እናቱ ተርፋለታለች! ባላው የሚቆመውም ለዘመመ ቤት ሁሉ ነው፣ ምሰሶውን የጣለው ምንም ይሁን ምን። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ምቺንጂ ወረዳ ላይ የጀመረችው የገንዘብ ድጋፍ «ወላጅህ በምን ሞተ?» አይልም ነበር። በጣም ድሃ የሆነውንና ሠርቶ የሚያበላ ጉልበት የሌለበትን ቤት ነበር የሚፈልገው። ብዙ ወላጅ ያጡ ልጆች የተገኙትም እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ከሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። ዘመድ ሁሉ ደግ አይደለም፤ ልጁን እንደ ሠራተኛ የሚያዩ አሉ። ስለዚህ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም፣ ቤት ለቤት እየሄደ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ደግሞም ወላጁን በኤድስ ያጣ ልጅ ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የለባቸውም።

አንድ ጊዜ ደብተር ሲታደል ነበርኩ። ስም ጠሪው ጮክ ብሎ «የኤድስ ወላጅ አልባዎች በዚህ በኩል» አለ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ከሰልፉ ወጥታ አያቷ ነጠላ ሥር ተሸጎጠች። የጎረቤታቸው ልጅ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል። እናቱ አልጋ ላይ ናት፤ ግን በሕይወት ስላለች ስሙ መዝገቡ ላይ የለም። አያትየዋ ስድስቱን ደብተር ተቀበሉ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሦስቱን ለእሱ ሰጡት።