ገጹን በየሰከንዱ ሪፍሬሽ ማድረግ ይቅርብን

አዳማ ውስጥ በኢኤስፒ (ዋይፋይ ያላት ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ ናት) የሮቶ ውሃ መጠን በስልክ ብሮውዘር ገጽ ላይ የሚያሳይ ዕቃ የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ። ጎበዞች ናቸው። ኮዳቸውን ከፍቼ ሳይ ግን ያው በሽታ ይገጥመኛል፦ ገጹ በየሰከንዱ ሪፍሬሽ ያደርጋል። ለምን ስላቸው መልሱ አንድ ነው። «ብሮውዘሩ ካልጠየቀ ኢኤስፒው መላክ አይችልም።»

ኧረ ይችላል! ብሮውዘሩ መጀመሪያ አንዴ መጠየቅ አለበት፤ እዚህ ድረስ ልክ ናችሁ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ሳይዘጋ መቆየት ይችላል። ገጹ ላይ በጃቫስክሪፕት ኢቨንትሶርስ ትከፍታላችሁ፤ ብሮውዘሩ ውስጥ ያለ፣ ክፍት መስመር ይዞ የሚያዳምጥ ነገር ነው። ኢኤስፒው መልስ ይጀምርና አይጨርሰውም። ውሃው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ የዳታ መስመር ይጽፋል፣ ባዶ መስመር ያስከትላል፤ ይህ አንድ ኢቨንት ነው፤ ቁጥሩ ወዲያው ይቀየራል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ብሮውዘሩ ራሱ መልሶ ይሞክራል። ለዚህ ኮድ አትጽፉም።

አንድ የፔንሲዮን ባለቤት «ተበላሸ» ብሎ ያመጣልኝ ኢኤስፒ8266 ምንም አልሆነም ነበር። እሱ፣ ሚስቱና ጥበቃው ገጹን ከፍተው ይተዉታል። ለሦስት ስልክ ሙሉ ገጽ በየሰከንዱ በስትሪንግ (በጽሑፍ ቁርጥራጭ) እየገጣጠመ ሲልክ ያቺ ትንሽ ሜሞሪ አልቻለችም። ሪስታርት በሪስታርት ሆነ። ኮዱን ወደ ኢቨንት ቀይሬ መለስኩለት፤ ዕቃው ያው ነው።

«ዌብሶኬት ይሻላል» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ወገን በፈለገ ጊዜ የሚልክበት ክፍት መስመር ነው። በስልክ የአሻንጉሊት መኪና የምትነዱ ከሆነ፣ አዎ። ፓምፕ ለማብራትና ለማጥፋት ግን ብሮውዘሩ ገጽ ሲከፍት እንደሚልከው ያለ ተራ የኤችቲቲፒ ጥያቄ ይበቃል።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም» ደግሞ ተረት ነው። ስልኩና ኢኤስፒው አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ ፓኬጅ ባይኖርም ይሠራል። ኢኤስፒው የራሱን ዋይፋይም ይከፍታል፤ አድራሻው ካልቀየራችሁት 192.168.4.1 ነው።

አደገኛው ይኼኛው ነው፦ «ገጹ ስህተት ካላሳየ ቁጥሩ ትክክል ነው።» መብራት ድንገት ሲጠፋ ኢኤስፒው ተሰናብቶ አይሄድም። ብሮውዘሩ መስመሩ ያለ ይመስለውና የቅድሙን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ለውጥ ባይኖርም በየ10 ሰከንዱ ኢቨንት ላኩ። በኮለን የሚጀምረው የኮሜንት መስመር ለዚህ አይሆንም፤ ጃቫስክሪፕቱ አያየውም። 30 ሰከንድ ዝም ካለ ገጹ ቁጥሩን ያጥፋና «ግንኙነት የለም» ይበል። ሮቶው ሙሉ ነው ብሎ ፓምፑን ሳያስነሳ የሚተኛ ሰው አለ።