«ዶክተሩ ካዘዘ ይበቃል» አይበቃም!

አሜሪካ ውስጥ ሪስፒራቶሪ ቴራፒስት፣ ማለትም የመተንፈስ ችግር ያለባቸውን ታማሚዎች የማክም ባለሙያ ነኝ። ለቅሶ ቤትም ልሂድ ክርስትና፣ ሥራዬን የጠየቀኝ ሁሉ «እ፣ ኦክስጅን የምትሰጪው?» ይለኛል። ትምህርቱን ገና የጨረሱ ልጆች ደግሞ ተቃራኒውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም የተፈቀደላቸው ይመስላቸዋል። ሁለቱም ሰልችቶኛል።

«ነርስ ነሽ ማለት ነው።» አይደለሁም። ትምህርቱም፣ ፈተናውም፣ ላይሰንሱም ለብቻው ነው።

«ላይሰንሱ በሁሉም ስቴት ይሠራል።» አይሠራም። ፈተናው አገር አቀፍ ነው፤ ላይሰንሱን የሚሰጠው ግን ስቴቱ ነው። ጭራሽ የላይሰንስ ሕግ የሌላት አላስካ ብቻ ናት።

«መርፌና ቱቦ የዶክተር ነው።» የደም ጋዝ ምርመራ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለካት ከደም ቅዳ ደም መቅዳት፣ የዕለት ሥራችን ነው። የታማሚውን እጅ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አንጋልዬ ትርታውን በጣቴ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ መርፌውን በ45 ዲግሪ ገደማ አስገባለሁ። ደም ቅዳውን ካገኘሁት ደሙ ሳልስበው በራሱ ግፊት ወደ ሲሪንጁ ይወጣል። መርፌውን አውጥቼ ቢያንስ 5 ደቂቃ አጥብቄ እይዛለሁ። በብዙ ስቴቶች ኢንቱቤሽንም (የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮ ማስገባት) ሆነ አርቴሪያል ላይን (ደም ቅዳ ውስጥ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ሕጉ አይከለክለንም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ላይሰንስ አለኝ፣ ዶክተሩ አዟል፣ ምን ቀረኝ?»

ብዙ ቀርቷችኋል። የስቴቱ ሕግ ጣሪያው ነው። ሆስፒታሉ በፖሊሲው ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይችላል፣ ከፍ ማድረግ ግን አይችልም። ፖሊሲው ቢፈቅድ እንኳ በባለሙያ ፊት ሠርታችሁ ብቃታችሁ ተፈርሞበት ፋይል ውስጥ መግባት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የዶክተር ትእዛዝ አይሞላውም።

ቀድሞ በሠራሁበት ሆስፒታል አርቴሪያል ላይን አስገባ ነበር፣ እጄ ለምዶታል። አዲስ ቦታ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ሊነጋጋ ሲል የአንድ ታማሚ የደም ግፊት ወረደ። ሐኪሙ ዕቃውን ራሱ ዘርግቶ «ትችያለሽ አይደል? ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለኝ። እችላለሁ፣ ግን የዚያ ሆስፒታል ፖሊሲ ለእኛ አይፈቅድም። አልሠራም አልኩት። ፊቱን አጨማደደ፣ ጓንቱን አጠለቀና ራሱ አስገባው። እኔ የታማሚውን እጅ ያዝኩለት። አንድ ነገር ቢበላሽ ላይሰንሱን የሚቆጣጠረው የስቴቱ ቦርድ ፊት የሚቀርበው የእኔ ላይሰንስ ነው፤ «እኔ እወስዳለሁ» ያለ ሰው ስሜን ከዚያ ወረቀት ላይ አይፍቅልኝም።

ስለዚህ እህት ወንድሞቼ፣ ሥራ ስትጀምሩ የሪስፒራቶሪ ክፍሉን ፖሊሲ በጽሑፍ ጠይቁ። «እኛ እዚህ እናደርገዋለን» የሚል የሥራ ባልደረባ ፖሊሲ አይደለም። በተለይ በ13 ሳምንት ኮንትራት ከስቴት ስቴት የምትዞሩ፣ ያለፈው ቦታ የተፈረመላችሁ ወረቀት አዲሱ ቦታ ላይ አይቆጠርላችሁም። ቃለ መጠይቅ ላይም ስለ ክፍያና ሺፍት ብቻ አትጠይቁ፤ ኢንቱቤሽን ማን ይሠራል፣ የደም ጋዝ ማን ይቀዳል፣ ብቃቱንስ ማን ይፈርማል በሉ።