«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል የትኛው መልአክ?

ባለፈው ወር በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ሕፃኑ «ጆን» እንደሚባል ተነገረን። አባትየው ስሙን ልጁ ሳይወለድ ከስልኩ ላይ ካገኘው ዝርዝር እንደመረጠው በደስታ አወራን። አጠገቡ የተቀመጠው ዘመዱ ብርጭቆውን አንሥቶ «መቼም ስምን መልአክ ያወጣዋል!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ከፋኝ። ዛሬ ዛሬ ይህ ንግግር ስምና ጠባይ በተገጣጠሙ ቁጥር ይወረወራል። ደስታ የተባለው ሰው ሳቂታ ከሆነ፣ ጀግኔ የተባለው ደፋር ከሆነ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እኔ ባደግሁበት ቤት የሚነገረው ለዚህ አልነበረም።

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ጎጃም ውስጥ፣ እሸት በደረሰበት ወቅት ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ተኝታ፣ ቤቱ በገንፎና በቅቤ ሽታ ታውዶ፣ አራስ ጠያቂው ሲገባ ሲወጣ ይውላል። አያቴ ከእርሱ በፊት የሞተ ልጅ ስለነበር «ምትኩ ይባል» አለች። የአባቴ አጎት ደግሞ የአባታቸው ስም እንዲወጣለት ፈለጉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጁ በዚህ ጥግ በአንድ ስም፣ በዚያ ጥግ በሌላ ስም ሲጠራ ከረመ። አጎታችን ተቀይመው ቡናውን ሳይጠጡ የወጡበት ቀን ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን ሕፃኑን አቅፋ «ይህ እንኳ ከእሸቱ ጋር የደረሰልን ነው» አለች። በማግስቱ ወተት የምታመጣው ልጅ ከደጅ ሆና «ደረሰ ተነሣ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ስሙ ጸና። አጎታችን ሊናገሩ ሲሉ አያቴ ቀደመቻቸው፦ «ይተውት አያ፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል።» እርሳቸውም ዝም አሉ።

በ40ኛው ቀን ቄሱ የክርስትና ስም ሰጡት። እርሱ የጸሎትና የፍትሐት ስም ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም። ጠቡ የነበረው በመጠሪያው ላይ ነው፤ ንግግሩም የዚያ ጠብ ማብረጃ ነበር። ስሙ የአንተም የእኔም አይደለም፣ መጥቷልና እንቀበለው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን «እግዚአብሔር» ሳይሆን «መልአክ» ተባለ? ባላገሩ ልጁንም ዝናቡንም አዝመራውንም የሚያገኘው ከእግዜር ነው፤ በስም ላይ ብቻ መልአክ የገባው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እኔ እንደማምነው ንግግሩ የተወለደው ከሉቃስ ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። ገብርኤል ለዘካርያስ «ስሙን ዮሐንስ ትለዋለህ» አለው። በስምንተኛው ቀን ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊለው ሲል ኤልሳቤጥ «አይሆንም፣ ዮሐንስ ይባል» አለች። እነርሱም ከወገኗ በዚህ ስም የተጠራ እንደሌለ ነግረው ተከራከሯት። አንደበቱ ተይዞ የነበረው አባት ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ሲጽፍ ክርክሩ አበቃ። ይህ የአያቴ ቤት ነው! አጎቱም፣ ቅያሜውም፣ ዝምታውም ሳይቀር። ዓመቱን በቅዱስ ዮሐንስ የሚከፍት ገበሬ ይህን ታሪክ ሰምቶ ለራሱ አራስ ቤት ባይወስደው ነበር የሚገርመኝ። በቁርኣንም በመርየም ምዕራፍ፣ ያሕያ (ዮሐንስ) የሚለው ስም ከላይ እንደተነገረና ከእርሱ በፊት ማንም እንዳልተጠራበት ተጽፏል።

እንግዲህ ጆን ማለት ይኸው ዮሐንስ ነው። በዕብራይስጥ ዮሐናን፣ «እግዚአብሔር ቸር ሆነ» ማለት ነው። ግሪኮች ዮአኒስ አሉት፤ በእኛ ዮሐንስ መጨረሻ ያለችው «ስ» ከእነርሱ የመጣች ናት። በላቲንና በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ አገር ሲደርስ አጥሮ ጆን ሆነ። እዚያም በመካከለኛው ዘመን ለሕፃኑ ስም የሚያወጣለት ብዙ ጊዜ የክርስትና አባቱ ነበር፤ የራሱን ስም መስጠቱም የተለመደ ስለነበር ጆን ጆንን እየወለደ አገሩን ሞላው። ጆንሰን፣ ጆንስ፣ ጃክሰን ሁሉ የእርሱ ቅጥያዎች ናቸው። በአሜሪካ መንግሥት የስም መዝገብም ከ1880 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ የወንዶች አንደኛ ስም እርሱ ነበር።

ስም የሰውን ዕጣ ፈንታ ይወስናል የሚለውን አስተሳሰብ ግን እዚያም አግኝቼዋለሁ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በ1204 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲን አጣ፤ የስኮትላንዱ ጆን በ1296 ከዙፋኑ ወረደ፤ የፈረንሳዩ ዣን 2ኛ በ1356 በጦር ሜዳ ተማረከ። ስለዚህ በ1390 ስኮትላንድ ላይ የነገሠው ጆን ስቱዋርት ስሙን ጥሎ ሮበርት 3ኛ ተባለ። የእኛው ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ያንኑ ስም ወደውና መርጠው ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። አንዱ የሸሸውን ሌላው ከበረበት።

በዚያ ድግስ ላይ የከፋኝ ስሙ አይደለም። መልአክ በእርግጥ ያወጣው ስም አለ ከተባለ እርሱ ጆን ነው፤ ይህን ግን አባትየውም ዘመዱም አላሰቡትም። እባካችሁ ንግግሩን ለመገጣጠም ማድነቂያ ወይም ለምርጫችሁ ማስጌጫ አታድርጉት፤ ምርጫን ለመተው የተነገረ ቃል ነው።

ስወጣ የሕፃኑ አያት በጓዳ በኩል እያባበሉት ነበር። «ጆን» አላሉትም። በሌላ ስም ነበር የሚጠሩት፤ እርሱም ልቅሶውን ተወ።