ጎልፍ ከ60 ዓመት በኋላ፦ የጤና ጥቅሙ፣ ጉዳቱ እና አጀማመሩ

ጎልፍ በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ ተራርቀው ወደተቆፈሩ ጉድጓዶች በጥቂት ምት ለማስገባት የሚሞከርበት ጨዋታ ነው። ሥርዓቱን የያዘው በስኮትላንድ ነው። ሙሉ ጨዋታ 18 ጉድጓድ የሆነውም የሴንት አንድሪውስ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1764 ወደ 18 ከተቀነሰ በኋላ ነው። ሩጫ የለበትም፣ ግጭት የለበትም፣ ኳሱም ተጫዋቹ እስኪዘጋጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሀንዲካፕ የሚባለው የችሎታ ማካካሻ ደግሞ የ75 ዓመት አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር በእኩል እንዲፎካከሩ ያስችላል። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ቶም ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በስኮትላንዱ ተርንቤሪ ሜዳ በ59 ዓመቱ የብሪታንያ ኦፕን የተባለውን ትልቅ ውድድር ለማሸነፍ ጥቂት ቀርቶት፣ በተጨማሪ ጉድጓዶች ተሸንፎ ሁለተኛ ወጥቷል። በሌሎች ብዙ ስፖርቶች እንዲህ ያለው ነገር አይታሰብም።

የጎልፍ የጤና ጥቅም በአብዛኛው የሚመጣው ከዱላው ሳይሆን ከእግር ነው። ጉዳቱ ደግሞ በአብዛኛው ከዱላው ነው። አንድ አረጋዊ ጨዋታቸውን ሲያቅዱ ይህን ቢያስቀድሙ አብዛኛው ውሳኔ ይቀልላቸዋል።

የእግር ጉዞው

18 ጉድጓድ በእግር የሚጫወት ሰው እንደ ሜዳው ስፋትና እንደ ምቱ ቀጥተኛነት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህ ከ11,000 እስከ 17,000 እርምጃ ነው፣ ጊዜውም 4 ሰዓት ገደማ። በሜዳው ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና የሚዘዋወር ሰው እርምጃ ግን ወደ 6,000 አካባቢ ይወርዳል። ሰውነት የሚያወጣውን ኃይል በዕረፍት ጊዜ ከሚያወጣው ጋር ስናነጻጽር፣ በመኪና መጫወት 3.5 እጥፍ፣ ዱላውን ተሸክሞ መሄድ 4.3 እጥፍ፣ በጋሪ እየጎተቱ መሄድ 5.3 እጥፍ ያህል ይጠይቃል። ሁሉም መካከለኛ ጉልበት ከሚጠይቁ እንቅስቃሴዎች ይመደባሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች፣ አረጋውያንን ጨምሮ፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሁለት ቀን 9 ጉድጓድ በእግር መጫወት ወደዚህ መጠን ያቀርባል። እንዲያውም ብዙ አረጋውያን 18ቱን በአንድ ቀን ከመጫወት ይልቅ በሁለት ቀን ቢከፍሉት ይሻላቸዋል። መጨረሻዎቹ 4 ወይም 5 ጉድጓዶች ላይ ድካም ሲመጣ አቋም ይበላሻል፣ ወገብም የሚጎዳው ያኔ ነው። ሙሉውን በእግር መጨረስ የማይችሉ፣ ለምሳሌ የልብ ድካም ወይም የጉልበት ሕመም ያለባቸው፣ የመጀመሪያዎቹን 9 ጉድጓዶች በእግር ሄደው ቀሪውን በመኪና ቢጨርሱ ከሁለቱም ይጠቀማሉ። መኪናው በሹል መታጠፊያ ላይ ተሳፋሪ ስለሚያወድቅና ከመኪናው ውጭ የተንጠለጠለ እግርን ስለሚሰብር፣ እግር ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይሁን።

የዱላ ቦርሳ ሌላው ጉዳይ ነው። ደንቡ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፣ ሙሉው ቦርሳም ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ለአረጋዊ ግን 7 ወይም 8 ዱላ ይበቃል። በአንድ ትከሻ መሸከም አከርካሪን ያጣምማል። ጋሪ ከተገኘ ደግሞ ከመጎተት መግፋት ይሻላል፣ ምክንያቱም መጎተት አንዱን ትከሻ ወደ ኋላ እያሳበ ወገብን ለረጅም ሰዓት ጠምዞ ያቆያል።

ከፍታም ይቆጠራል። በአሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ባለው የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ የሚጫወቱ ሰዎች ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ከቆላ ይልቅ ይርቃል፣ ልብና ሳንባ ግን ለተመሳሳይ ዳገት የበለጠ ይሠራሉ። ከውጭ ለጥየቃ የመጡ አረጋውያን ሰውነታቸው እስኪለምድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በ9 ጉድጓድ ቢያልፉ ይመረጣል።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በዚህ መስክ ብዙ የሚጠቀሰው የስዊድን ጥናት ነው። የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች የ300,818 የስዊድን ጎልፍ ተጫዋቾችን መዝገብ ከሕዝቡ ጋር አነጻጽረው፣ በተመሳሳይ ዕድሜ፣ ጾታና የኑሮ ደረጃ ካሉ ሰዎች ይልቅ የተጫዋቾቹ የሞት መጠን በ40 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ይህ ወደ 5 ዓመት የሚጠጋ ተጨማሪ ዕድሜ ማለት ነው። በአሜሪካም በአማካይ የ72 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ወደ 5,900 ሰዎች በተከታተለ ጥናት፣ ቢያንስ በወር አንዴ ጎልፍ ከሚጫወቱት 15.1 በመቶ፣ ከማይጫወቱት ደግሞ 24.6 በመቶ በክትትሉ ወቅት ሞተዋል። እነዚህ ቁጥሮች ግን ጎልፉ ብቻውን ዕድሜ ይጨምራል ብለው አያረጋግጡም፤ ድሮውንም ጤነኛና አቅም ያለው ሰው ነው ሜዳ የሚወጣው።

በፊንላንድ የተደረገው እና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለአረጋውያን ይበልጥ ቅርብ ነው። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 25 ጤነኛ ተጫዋቾች በተለያየ ቀን 18 ጉድጓድ ጎልፍ፣ 6 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ እና 6 ኪሎ ሜትር በሁለት ምርኩዝ የሚደረግ ጉዞ አድርገው ተመረመሩ። በደም ስኳርና በደም ስብ ረገድ ጎልፉ የተሻለ ውጤት አሳየ። ምክንያቱ ፍጥነቱ አይደለም፣ ርዝመቱ ነው። ቀላል የትኩረት ፈተና ላይ ሦስቱም ረድተዋል፤ አሳብን ማቀናጀት የሚጠይቀው ከባዱ ፈተና ላይ መሻሻል የታየው ግን ከሁለቱ የእግር ጉዞዎች በኋላ ነው። ስለዚህ ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች በሌሎቹ ቀናት ፈጠን ብለው መራመዳቸውን መተው የለባቸውም።

ወገብ፣ ክርን፣ ጉልበት

የጎልፍ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ቅሬታ የታችኛው ወገብ ነው። ኃይለኛ ምት በወገብ አከርካሪ ላይ ከሰውነት ክብደት እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ጫና እንደሚያሳርፍ ተለክቷል። ወጣቶች ከቴሌቪዥን የሚማሩት አመታት ዳሌን አጥብቆ ይዞ ትከሻን ብቻ ማዞር ነው፤ ይህ ርቀት ይሰጣል፣ ለ70 ዓመት ወገብ ግን አይሆንም። መፍትሔው የድሮ ተጫዋቾች አመታት ነው፦ ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ ዳሌም አብሮ ይዞራል፣ የፊተኛው እግር ተረከዝም ከመሬት ትንሽ ይነሳል። ዱላውን እስከ ትከሻ ከፍታ ብቻ ማንሳትና የፊተኛውን እግር ጣቶች ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ውጭ ማዞር የጉልበትንም ጥምዘዛ ይቀንሳል። የሚጠፋው ርቀት ወደ ጉድጓዱ ከቀረበው መነሻ በመጀመር ይካካሳል። ይህን እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ፤ ሜዳው ግን የተሠራው ለዚሁ ነው።

ክርን ላይ የሚመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ ዱላውን አጥብቆ ከመጨበጥና መሬቱን ደጋግሞ ከመምታት ነው። ወፈር ያለ መያዣ፣ ንዝረትን የሚቀንስ ቀላል የካርቦን ዘንግ እና ለስላሳ ኳስ ለተቆጣ የጣት መገጣጠሚያም ይረዳሉ። ከሣር ይልቅ ከፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ መቶ ኳስ መምታት ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ምቱን ወደ አንጓና ክርን ይመልሰዋል።

የአጥንት መሳሳት ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ አከርካሪያቸው ከዚህ በፊት የተሰበረ፣ ጎንበስ ብለው በኃይል መጠምዘዝ አዲስ ስብራት ሊያመጣባቸው ስለሚችል በአጭር ምትና በፓተር (ኳሱን በጉድጓዱ አቅራቢያ በመሬት ላይ ለማንከባለል በሚያገለግለው ዱላ) ቢወሰኑ ይሻላል። ዳሌ ወይም ጉልበት የተተካላቸው ብዙዎች ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመለሳሉ፤ ቀኑን የሚወስነው ግን ቀዶ ሐኪማቸው ነው። አጀማመራቸውም ከፓተር፣ ከዚያ ከአጭር ምት፣ በመጨረሻ ኳሱን በጣም ለማራቅ ከሚያገለግለው ረጅም ዱላ፣ ከድራይቨር፣ ይሁን።

ኳስ ለማንሳት በአንድ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ጎንበስ ይባላል። በዚህ ረገድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ዘዴ ከዚሁ ሜዳ የተወሰደ ነው፦ በአንድ እጅ ፓተሩን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ በማንሳት ከዳሌ ማጎንበስ። ይህም ለሚዛን ልምምድ ነው። ሚዛናቸው የደከመባቸው በፓተሩ ጫፍ የሚገጠም የጎማ መምጠጫ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደንቡ ባንዲራው በጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ መምታት ስለፈቀደ፣ ባንዲራ እያወጡ መመለስም ቀርቷል።

ከምት በፊት 10 ደቂቃ ማሟሟቅ አይዘለል። 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ ጉዞ፣ ዱላውን በትከሻ ላይ አጋድሞ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መዞር፣ ከዚያ በአጭሩ ዱላ ግማሽ ምቶች። ከመኪና ወርዶ ቀጥታ ድራይቨር ማንሳት ወደ ጀርባ ሕመም የሚወስድ አቋራጭ ነው።

መድኃኒት፣ ፀሐይ፣ መብረቅ

ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች በ4 ሰዓት ጉዞ ስኳራቸው ሊወርድባቸው ስለሚችል፣ ከመነሳታቸው በፊት መለካትና ከረሜላ ወይም ጭማቂ በኪስ መያዝ አለባቸው። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት በሙቀት ቶሎ ይደርቃሉ፣ ጎንበስ ብለው ሲነሱም ሊያዞራቸው ይችላል። የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ስላሉ ድካምን በምት ቆጠራ መለካት አያስተማምንም፤ እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል የተሻለ መለኪያ ነው። ደረት ላይ ጫና ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ጨዋታው እዚያው ይቆማል፣ እርዳታም ይጠራል።

ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች የቆዳ ካንሰር ተጋላጭነታቸው ከፍ ይላል፤ ሰፊ ባርኔጣና በየ2 ሰዓቱ የሚደገም መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ነጎድጓድ እንደተሰማ ደግሞ ከዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ወደ ሕንፃ መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ነው።

ከዚህ በፊት ላልተጫወቱ

በ65 ዓመት መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው ወር በፓተርና በአጭር ምት ይለቅ፤ እነዚህ ወገብን አይጭኑም፣ ከጨዋታው ምቶች ግማሽ ያህሉም እዚያ ነው የሚውሉት። የረጅም ምት ልምምድ ከ30 ኳስ አይብለጥ። ከዚያ ጉድጓዶቹ በአጭር ርቀት ወደተቀመጡበት ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ መሄድ ነው። የግል ክለብ አባልነት ውድ ስለሆነ ብዙዎች ጎልፍን የሀብታም ጨዋታ ብቻ ያደርጉታል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን አባልነት የማይጠይቁ የሕዝብ ሜዳዎች አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ላንግስተን፣ በሌሎች ሜዳዎች ለተከለከሉ ጥቁር አሜሪካውያን የተሠራ የሕዝብ ሜዳ ነው። ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ሄደው ቀኑን ቤት ውስጥ ለሚያሳልፉ ወላጆች፣ የተዋሱ አምስት ዱላዎችና የሚገፋ ጋሪ ለመጀመር ይበቃሉ።